በጭነት መኪና ጀርባ የተላከ ቃል

ነቀምቴ ውስጥ እኔን «ሰዓሊው» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሊያሾፍብኝ ነው፤ ሌላው ድሮ የሠራሁለት ታፔላ ቀለሙ ለቀቀ ብሎ ሊጣላኝ። ሦስተኛ ዓይነት እስካሁን አላጋጠመኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህችን ከተማ ፊት የቀባሁት እኔ ነኝ፤ የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የጸጉር ቤቱን ጎረምሳ፣ የልብስ ስፌቱን መቀስ፣ ከሥሩም በአማርኛና በኦሮምኛ ጽሑፉን። ከዚያ የባነር ማተሚያ ማሽን የሚሉት ጉድ መጣ። ጠዋት ያዘዙትን ከሰዓት ጠቅልሎ ይሰጣል። ሰው ሁሉ እኔን ረግጦ ወደዚያ ነጎደ። በሬውን ሁለት ጊዜ ያደስኩለት ባለ ሥጋ ቤት እንኳ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ያንተ በሬ እኮ ይቆጣል፤ ደንበኛ ያሸሻል» አለኝ። ሊታረድ የቆመ በሬ ሊስቅ ነው እንዴ?

የቀሩልኝ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። እነሱ የመኪናቸው የኋላ በር ላይ አበባ፣ አንበሳና ርግብ አሥለው፣ ከሥሩ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ካላስጻፉ ሞተሩ የሚነሳ አይመስላቸውም። ማሽኑ ደግሞ ብረት ላይ አይሥልም። ስለዚህ ሱቄ ደጃፍ ላይ ጭቃ የለበሰ መኪና አይጠፋም ነበር፤ እኔም ከኋላው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ከተማውን ስረግም እውላለሁ።

እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ አስተማሪ አግብታ ከነቀምቴ በታች አርጆ ከተማ ነው የምትኖረው። አባታችን ከሸዋ በጸሐፊነት የመጣ፣ ጾም የማይገድፍ ሰው ነበር፤ እሷ ግን ባሏን ተከትላ ጴንጤ ሆነች። እሱን ችዬው ነበር። ያጣላን የእናታችን ተዝካር ነው። ለዚያ ቀን ብዬ ሁለት ወር ለፍቼ የእናታችንን መልክ በትልቅ ሸራ ላይ ሣልኩና ድንኳኑ ውስጥ ሰቀልኩት። እህቴ መጣች። ጴንጤ ተዝካር አይበላምና ምግቡን አልነካችም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ዳር ላይ ተቀመጠች። ቄሶቹ እያዩን ነው ብዬ አንጀቴ አረረ። «ለእናቷ ተዝካር አንዲት ጉርሻ የማትቀምስ ልጅ ምን ልትሠራ መጣች?» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ። እሷም አፍ አታጣም። ቀና ብላ ሥዕሉን አየችና፣ «እኔ የመጣሁት ለእናቴ ነው፤ ይቺን የሰቀልካትን ሴትዮ ግን አላውቃትም» አለች። ሰው ሳቀ። በእናቴ ተዝካር ላይ በእጄ ሥራ ሳቁብኝ!

በዚያው ሆድና ጀርባ ሆንን። ደጇን አልረግጥም ብዬ በአባቴ አጥንት ማልኩ። ስድስት ዓመት ሞላን፣ ሳንነጋገር።

እህቴ ስኳር አለባት፤ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። መርፌው አርጆ ሲጠፋ ከነቀምቴ ፈልጋ የምትልክላት ሚስቴ ናት። በየእሑዱም በስልክ ያወራሉ። ሲያወሩ እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ ጓሮ ሆኜም ጆሮዬ እዚያው ነው፣ አልዋሽም። ከዚያ ኔትወርክ ተቋረጠ። መንገዱም ከፋ። ኬላ በዛ፤ ዛሬ ያለፈ መኪና ነገ አያልፍም፤ ሦስት ቀን ተከፍቶ ወር ይዘጋል። ማን ዘጋው፣ ማን ከፈተው የሚለውን እዚህ አልጽፍም። የኖርንበት እናውቀዋለን።

ሚስቴ የጉቴ ከተማ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። እሑድ መጥቶ ስልኩ ዝም ሲል ሁለቱንም ቋንቋ አወረደችብኝ።

«አንተ ሰው፣ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በተከፈተ ቀን ሄደህ እያት። መርፌዋ አልቆባት ቢሆንስ?»

«ከፈለገች እሷ ትምጣ።»

«ታማሚዋ እሷ፣ ጤነኛው አንተ!»

«አልሄድም አልኩ፣ አልሄድም!»

«እንግዲያው ወሬዋን አምጣልኝ» አለች። «እንዴት እንደምታመጣው አላውቅም። አምጣልኝ።»

ደብዳቤ አይታሰብም። አንዱ ሾፌር ኪሱ ውስጥ የሰው ደብዳቤ ተገኝቶበት ኬላ ላይ ሁለት ቀን ተገትሮ ከዋለ ወዲህ፣ ሾፌሮቹ ወረቀትም የቃል መልእክትም አንይዝም ብለው ተማምለዋል። «ዕቃ ስጠን እናደርሳለን፤ ወሬ ግን አንጭንም» አሉኝ። በዚያ ሰሞን የአንዱን መኪና ቀለም እያደስኩ ርግቧ ጋ ስደርስ ብሩሼን ያዝ አደረግኩ። ይሄ መኪና አርጆ ይገባል። ርግቧም አብራው ትገባለች። ኬላ ላይ «አንቺ ርግብ፣ ምን ይዘሻል?» የሚላት የለም።

ሳምንት አልፈጀብኝም። ላሜራ ቆርጬ ምልክቶች ሠራሁ፤ እጅ፣ እግር፣ ፀሐይ፣ ቅጠል፣ የደም ጠብታና ዓይን። እያንዳንዳቸው ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣሉ። በመኪናው የኋላ በር ላይ፣ ከአበቦቹ መሐል፣ አራት መንጠቆ መታሁ። የመጀመሪያው መንጠቆ ላይ የባለቤቱ ቀለም ይሰቀላል፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቀለም። የቀሩት ሦስቱ ላይ ቃሉ ይሰቀላል። እጅ ከሆነ ቆይ ነው፣ እግር ከሆነ ና ወይም ልምጣ ነው፣ ቅጠል መድኃኒት ነው፣ የደም ጠብታ በሽታ ነው፣ ፀሐይ ነገ ነው፣ ዓይን ደግሞ ተጠንቀቅ። መኪናው ሲያልፍ የሚያነብ አንድ ሰው በየከተማው ካለ፣ ኔትወርክ ገደል ይግባ! ለእህቴ የሰጠኋት ቀለም ቡላ ነው። ሰማያዊም ቢጫም ነበረኝ። ቡላ ሰጠኋት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ጉቴ ላይ ነው። እዚያ ልብስ ሰፊ ጓደኛ አለኝ፤ አባቱ ከጎጃም የመጣ፣ እንደኔው ነጭናጫ። ትርጉሙን አስጠናሁትና በማግስቱ በሚያልፍ መኪና ላይ የሱን ቀለም፣ እግሩንና ፀሐይዋን ሰቀልኩ፤ «ነገ ና» ማለት ነው። በነጋታው ሜትሩ ከአንገቱ ሳይወርድ እያለከለከ ደጄ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሙከራ ነው።»

«አንተ የተረገምክ! የሙሽራ ሱሪ አንድ እግሩን ሰፍቼ ትቼው መጣሁ እኮ!»

ሲሰድበኝ እኔ በደስታ እዘል ነበር። ሰውየው መጣ! ያለ ወረቀት፣ ያለ ስልክ፣ በሥዕል ጠርቼው መጣ! በሕይወቴ ሙሉ የሣልኩት በሬ ማንንም አንድ እርምጃ አላንቀሳቀሰም።

ከተማውማ መች ያስቀምጠኛል። «ሰዓሊው ጠንቋይ ሆነ» አሉ። «ለይቶለት አበደ» አሉ። ይሄ ይሻላል፤ እብድ አይጠየቅም። የጎዳኝ ሦስተኛው ወሬ ነው፤ «ለሆነ ወገን ምልክት ይሰጣል» የሚለው። ለየትኛው ወገን ሲባል፣ አማርኛ ተናጋሪው ለነዚያ ይላል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ለነዚህ ይላል። በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት እኔን ሲጠረጥሩ ብቻ ነው። ምቀኛ አታሳጣኝ እያልኩ ለሰው ስጽፍ ኖሬ ለራሴ ሞልቶልኝ አረፈው!

አንድ ሹም አስጠራኝ። ምልክቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ ያገላብጣል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጌጥ ነው።»

«ጌጥ ከሆነ ለምን በየቀኑ ይቀያየራል?»

«ሰዓሊ ነኝ፤ ይሰለቸኛል።»

«ይሄ ዓይን ማንን ነው የሚያየው?»

እዚህ ላይ ላብ አጠመቀኝ። በዚህ ዘመን ዓይን ስሎ መንገድ ለመንገድ የሚሰቅል ምን ዓይነት ጅል ነው? ሹሙ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ዓይኑን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበትና፣ «ሌላውን ውሰድ። የዚህ ነገር ትርጉም ተጽፎ አንድ ሰው እጅ ባገኝ ግን ወዮልህ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ትርጉሙን የጻፍኩበትን ደብተር ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ ማስተማር በአፍ ብቻ ሆነ።

አርጆ የሚያነብልኝ ሰው ስፈልግ ሾፌሮቹ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴትዮ ነገሩኝ። ቤቷ መንገዱ ዳር ነው፤ መኪና ሁሉ ደጇ ይቆማል፤ የማታውቀው ሰው የለም፤ ሁሉም አዴ፣ እማማ እንደ ማለት፣ ይላታል። መንገዱ በተከፈተ ቀን ከአንዱ ሾፌር ጋር ሄድኩ። አዎ፣ አርጆ ሄድኩ። የእህቴ ቤት ከሻይ ቤቱ መቶ እርምጃ አይሞላም። የማልኩት ደጇን አልረግጥም ብዬ እንጂ አርጆን አልረግጥም ብዬ አይደለም።

አዴ አማርኛዋ ለሰላምታና ለሻይ የሚበቃ ነው። እኔ ደግሞ ኦሮምኛ እንደ ውሃ እጠጣለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ሚስቴ ግን ሁልጊዜ፣ «አንድ ቋንቋ ያዝ። ባንድ ራስ ሁለት ምላስ ይዘህ ሰው ታደናግራለህ» ትለኛለች። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ አሳየኋት። እጁን አንሥቼ «ቱሪ» አልኳት፤ በኦሮምኛ ቆይ ማለት ነው። እግሩን «ኮቱ»፤ ና ማለት ነው። ቅጠሉን «ቆሪቻ»፣ የደም ጠብታውን «ዱኩባ»። ፀሐይዋን አነሣሁና «ነገ» አልኳት። «ነጋ» ብላ ደገመች። ሁለተኛ ስጠይቃትም፣ ፀሐይዋን እንዳየች፣ «ነጋ!» አለችና ፈገግ አለች። አነጋገሯ ነው ብዬ፣ ጎበዝ ብያት ሻዬን ጠጣሁ።

ሻዬን ሳልጨርስ እህቴ በመንገዱ ማዶ አለፈች። አንድ እግሯን ቀለል አድርጋ ነው የምትረግጠው፤ ነጠላ ጫማዋ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ጸጉሯ ሸብቷል። ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግኩ። አዴ እኔን አየች፣ እሷን አየች። ከቂም ጋር የሚጠጣ ሻይ እንዴት እንደሚመር ያን ቀን ነው የቀመስኩት፤ ግን አልተነሣሁም።

ሁለት ወር ሠራ። ሠራ ስል በትክክል ሠራ ማለቴ ነው! ቡላና ቅጠል ሲመጣ ሚስቴ መርፌውን ፈልጋ ትልካለች። አዴም ከእኔ የወሰደችውን ሁለተኛ ስብስብ በጆንያ አድርጋ ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጣለች፤ ከአርጆ የሚመለሰው መኪና ላይ የዚያኛውን ወገን ቃል ትሰቅላለች። አፋቸውን ሲከፍቱብኝ የነበሩት ሁሉ ደጄን አጣበቡት። ያ ባለ ሥጋ ቤት ሳይቀር፣ «አርጆ ላለች አክስቴ አንድ ቀለም ስጠኝ» ብሎ መጣ። «በሬዬ እንዳይቆጣት» ብዬ መለስኩት። ከዚያ ሚስቴ ስትቆጣኝ ሰጠሁት፤ ግን አሰጣጤ እሬት ነበር። ፀሐይዋም በየጊዜው ትሰቀላለች፤ ነገ ጨው ይመጣል፣ ነገ እገሌ ይገባል። አንድም ሰው ስሕተት አለ ብሎ አልመጣም።

አንድ ማለዳ ከአርጆ በገባው መኪና ላይ ሦስት ምልክት ተሰቅሎ አየሁ። ቡላ፣ የደም ጠብታ፣ እግር። እህቴ ናት፤ «ታምሜያለሁ፤ ልምጣ?» ነው የምትለው። ሚስቴ አይታው «ዋይ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እግሯ ቆስሎ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ፤ እኔ በዓይኔ ማየቴን አልነገርኳትም። እዚህ ሆስፒታል ካልመጣች ቁስሉ አይድንም፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ቀልድ አያውቅም።

«አሁኑኑ ነዪ በላት!» አለችኝ።

ወደ አርጆ የሚሄድ መኪና ደጄ ቆሟል። ሾፌሩ ግን ዛሬ አይሆንም አለ። ሲመለስ ኬላ ጠባቂዎቹ ሰው እያስወረዱ ረጅም መንገድ በእግር ያስኬዳሉ፤ እግሯ የቆሰለ ሴት አትችለውም። ነገ ጠዋት ግን መኪኖቹ ተከታትለው እንዲወጡ ተፈቅዷል፤ ከፊት ወንበር ላይ ቦታ እይዝላታለሁ አለኝ። ስለዚህ ቡላውን ሰቀልኩ፣ እጁን ሰቀልኩ፣ ፀሐይዋን ሰቀልኩ። ቆዪ፤ ነገ።

«እግሩንም ጨምር» አለች ሚስቴ። «አራተኛው መንጠቆ ባዶ ነው። ነዪ በላት።»

«ነገ ካልኩ ነገ ነዪ ማለቴ ነው። ገብቷታል።»

«ቢጨመርስ ምን ይጎድልብሃል?»

ምን እንደሚጎድልብኝ አውቀዋለሁ። እግሩ እጄ ውስጥ ነበረ። ስድስት ዓመት ዝም ብዬ፣ በተዝካር ያዋረደችኝን ሴት፣ እኔ ቀድሜ «ነዪ» ልላት ነው? ኩራቴ እራቴ ሆነብኝ። እግሩን ኪሴ ከተትኩትና ሾፌሩን «ሂድ» አልኩት።

በማግስቱ ሚስቴ አልጋ አነጠፈች፣ ውሃ አሞቀች፣ ከሐኪም ቀጠሮ ለመነች። መኪናው ከሰዓት በኋላ ገባ። ሾፌሩ ብቻውን ወረደ። «ቦታ ይዤ ጠበቅኳት» አለኝ። «አዴን ልኬ አስጠራኋት። አልሄድም ብላለች አለችኝ። እኔ ሰው አስገድጄ አልጭን!» የኋላው በር ላይ ምንም ምልክት አልነበረም።

ደሜ ፈላ። ሚስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እኔ ልሂድ፣ አለዚያም አንተ ሂድ፤ መንገዱ ክፍት ነው» ስትል ጮህኩባት። «ከኔ ቤት መሞት ተሻላት እኮ! ጠርቻት እምቢ አለችኝ! ከዚህ ቤት አንድ ሰው ንቅንቅ ይልና ውርድ ከራሴ!» ሚስቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ነጠላዋን አወረደች። ሁለተኛውም ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። ሦስተኛውም ቀን። ሾፌሩ እያለፈ ጡሩምባውን ይነፋልኛል፤ እኔ ቀና ሳልል ቀለም አማስላለሁ። በአራተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ።

አምስት ሳምንት ተዘጋ። መኪና የለም፣ ምልክት የለም፣ መርፌም የለም። ሱቄ ውስጥ የተሰቀሉት ላሜራዎች ንፋስ በነካቸው ቁጥር ሲንቋቁ ሚስቴ ትወጣና ታየኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እህል መብላት አስጠላኝ፤ ግን አፍ አውጥቼ «አጥፍቻለሁ» አላልኩም። እምቢ ያለችው እሷ አይደለችም?

መንገዱ ሲከፈት የመጣችው በባሏ ትከሻ ነው። ወሬውን የሰማነው ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው። ሚስቴ ቀድማኝ ሮጠች። እኔ ስደርስ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጦ፣ ብርድ ልብሱ በዚያ በኩል ሜዳ ሆኖ ተኝቷል። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሰውየው በቀስታ ተነሣና ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ያ ትሕትናው ከጥፊ ባሰብኝ። ከእህቴ ጋር ተያየን። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«መጣህ?» አለች።

«እትዬ» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ግን ወዲያው ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ለምን እምቢ አልሽ?» አልኩ። እግሯ የተቆረጠ ሴት ፊት ቆሜ፣ ክርክር ልረታ!

«እኔ?» አለች። ለመነሣት ሞከረችና አቃታት። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት? ጓዜን ሸክፌ፣ ቃልህን ስጠብቅ፣ አዴ መጥታ ‹ወንድምሽ ቱሪ፣ ነጋ ብሎሻል› አለችኝ። ቆዪ፣ ሰላም ነው! እግሬ እየሸተተ ሰላም ነው ትለኛለህ? በማግስቱ ሾፌሩ ሲያስጠራኝ ሚስትህ ያዘነችልኝ መሰለኝ። ወንድሜ ቆዪ ያለኝን ቤት በሚስቱ ልመና አልገባም አልኩ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ነጋ! በኦሮምኛ ነጋ ሰላም ነው። ሰው አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ሲል ነጋ የሚባልበት፣ ጠዋት ማታ በቀን መቶ ጊዜ የምሰማው፣ እኔ ራሴ ለጎረቤቶቼ የምመልሰው ቃል! ነገን ቦሩ ማለት ነበረብኝ። ቱሪ ያልኳትን ያህል ቦሩ ብላት አዴ ባልተሳሳተች። እሷ ምን ታድርግ? ከአራት የኦሮምኛ ቃል ቀጥዬ አምስተኛውን በአማርኛ ስላት፣ ኦሮምኛ ነው ብላ ሰማችው። የወጣች ፀሐይም ለሰላም ታንሳለች? ሁለት ወር ሙሉ ለአርጆ ሰው ነገ፣ ነገ እያልኩ ስሰቅል፣ እሷ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው እያለች ስታደርስ ኖራለች። ሰላም ነው ከተባለ ደግሞ ማን ተሳስታችኋል ብሎ ይከሳል!

«ነገ ነው ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ። አስታማሚዎች ዞረው አዩኝ። «እትዬ ሙች፣ ነገ ነው ያልኩት! ነገ፣ በአማርኛ! ነገ መኪና አለ፣ ነገ ትመጫለሽ ማለቴ ነው! አዴ ነጋ ብላ ሰማችው!» እጄን እያወናጨፍኩ እጁን፣ እግሩን፣ ፀሐይዋን አስረዳኋት። ማፈሪያ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥፋቱ የቃል ሆነ እንጂ የኔ አልሆነም ብዬ፣ ከእስር ቤት እንደተፈታ ሰው ቀለለኝ።

እህቴ እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«ነዪ የሚል ምልክት የለህም?» አለች።

ሚስቴ ከበስተኋላዬ፣ «አለው» አለች። «ጨምር ብዬው ነበር።»

«እሺ» አለች እህቴ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ነገ ነው ያልከው። አመንኩህ። ከነገ ወዲያስ?»

ባሏ ቀና ብሎ አየኝ። ሚስቴም አየችኝ። አዴን ማማካኘት አልችልም፤ ቋንቋ ማማካኘት አልችልም፤ ኬላው ክፍት ነበር፣ ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ አልፏል። ሦስቱንም ቀን ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ፣ መጥታ እስክትለምነኝ እየጠበቅኩ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። ያን ሁሉ ላሜራ የቆረጥኩት ለከተማው ብዬ እንዳልሆነ፣ መጥቼ ፊቷን ላለማየት ብዬ እንደሆነም ነገርኳት። በአፌ፣ ፊቷን እያየሁ፣ በአንድ ቋንቋ።

ሰምታኝ ስታበቃ፣ «በሉ አንሡኝ፤ መቀመጥ አምሮኛል» አለች። እጄን ዘረጋሁላት። በእጄ ላይ አልፋ የሚስቴን ያዘች።